ክሯን የተቀማች ወፍ

ሰዓት ሠሪ ሆኜ በሰዓቱ ሥራ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማልጄ ወጣሁና ይህን ጉድ አየሁ፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ መጥረጊያ እንደ ጦር ሰብቀው በረንዳችን ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው የእህታቸው ልጅ ሁለት እጇን ዘርግታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ከራሷ በላይ፣ ከአምፖሉ ሽቦ ላይ፣ የጨቅላ ካልሲ የሚያህል የወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል።

«እንደምን አደራችሁ?» አልኩ።

«አላደርንም» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ዓይናቸውን ከጎጆው ሳይነቅሉ።

ሰፈርተኛው «ጋሼ ሜትር» ነው የሚላቸው፤ የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። ሲተኙም አያወልቁትም ይባላል። (ይህን ያስወራሁት እኔ ነኝ።) የጠመመ ጠርዝ፣ የተንጠለጠለ ክር፣ የላላ ቁልፍ ሲያዩ እንደ ጥርስ ሕመም ያማቸዋል። ልጅቷ ደግሞ ኮሌጅ ገብታ ስለ እንስሳት ተምራ የተመረቀች ናት። በተማረችው ሥራ እስክታገኝ አጎቷ ዘንድ እየኖረች ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። እሳቸው «ምሁሯ» ነው የሚሏት። ሲደሰቱም «ምሁሯ» ነው፣ ሲናደዱም «ምሁሯ» ነው፤ ልዩነቱ ድምፃቸው ላይ ነው። ያን ጠዋት ስድብ ነበር።

«ምሁሯ፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም፣ አጎቴ።»

«ነገ የሆቴሉ ሰው ይመጣል። የአስተናጋጆቹን ልብስ በሙሉ ሊያሰፋን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ቤታችንን ሊያይ ነው የሚመጣው። ክፈፉ ላይ ድር፣ አምፖሉ ላይ የገለባ ጆንያ! ምን ይለኛል?»

«ድሩን እኮ ጠርገው ጨርሰዋል። ወፏ ጎጆዋን ግማሽ አድርሳ ሳለ በረንዳውን እንዳለ ላጩት። ሸረሪት የሚባል አልቀረም።»

«ቀርታለች እንጂ! ያችትልሽ ጥጉ ላይ። አባርሬያት ይኸው ተመልሳ ሱቅ ከፍታለች።»

ከበሩ አጠገብ የመርዝ መርጫ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ጋሼ ሜትር በመጥረጊያቸው እጀታ አመለከቱት።

«መጀመሪያ ያ ጎጆ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በረንዳው በሙሉ ይረጫል። አለቀ።»

«እንግዲያው እኔም አብሬ እረጫለሁ፤ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ያኔ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ጋሼ ሜትር ሲጮኹ የሚፈራቸው የለም፤ ዝቅ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

«ስሚኝ ልጄ። ይሄ ቤት የኔ ነው። አልጋሽም፣ የምትሠሪበት ወንበርም እዚሁ ነው። እስከ ማታ ምረጪ። ወይ ሸረሪቶቹ ወይ አንቺ። ሁለታችሁን አንድ ላይ አላስተዳድርም።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት። የልጅቷ እግር ግን ከቦታው አልተነሳም።

«እሺ» አለች። «እስከ ማታ አለኝ ማለት ነው። እስከዚያ ያዳምጡኛል።»

ጋሼ ሜትር መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፉና ዱካ ስበው ተቀመጡ። ስፌትን ያህል ባይሆንም ክርክር ይወዳሉ። እኔም የመሣሪያ ሳጥኔን ገልብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንም አልጋበዘኝም።

«ይቺን ወፍ ያውቋታል?» ጀመረች ልጅቷ።

«ማን የማያውቃት አለ? አበባ ላይ እየተንጠለጠለች ማር የምትመጥ፣ ምንቃረ ቆልማማዋ።»

«ጎጆዋን በምን እንደሠራችው ያውቃሉ?»

«በቆሻሻ።»

«በሸረሪት ድር ነው፣ አጎቴ። ገለባውን፣ ደረቅ ቅጠሉን፣ ላባውን አንድ ላይ ያሰረው የሸረሪት ድር ነው። ከሽቦው ላይ አንጠልጥሎ የያዘውም እሱ ነው። ወፏ ከየጥጉ ድር በምንቃሯ ትለቅማለች፣ ትጠቀልላለች፣ እየጎተተች ታስራለች። ድር ከሌለ ያ ጎጆ የተበተነ ገለባ ነው።»

ጋሼ ሜትር ሳቁ። «እና ሸረሪቷ ክር ነጋዴ፣ ወፏ ደንበኛ መሆናቸው ነው?»

«ደንበኛስ ትከፍላለች። ይቺ ዝም ብላ ነው የምትወስድባት።»

«ሌባ ናት በይኛ!»

«ሌባም ናት» አለች ልጅቷ፣ ምንም ሳይከብዳት። «አንዳንድ ወፍ እንዲያውም ድሩ ላይ የተያዘውን ዝንብ ሸረሪቷ ሳትቀምሰው ነጥቃ ትበራለች። አንዳንዷ ደግሞ ድሩንም ዝንቡንም ትታ ባለቤቷን፣ ሸረሪቷን ራሷን ትበላለች።»

«እንግዲያው ወፏም እንደኔው የሸረሪት ጠላት ናት። ምን አጣላን? ወገኔ ናት!»

«አይደለችም። እሷ የሚበቃትን ወስዳ ትሄዳለች። እርስዎ ዘር ነው የሚያጠፉት። እርስዎ ካለፉ በኋላ ለነገ የምትበላውም፣ የምታስርበትም አይቀርላትም።»

ይህች መልስ ወርቅ ነበረች። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እኔ ግን ትምህርት ቤትን የጨረስኩት ሰው አይደለሁም፤ እሱ ነው እኔን የጨረሰኝ፤ ስለዚህ የተማረ ሰው ሲናገር አፌን ይበላኛል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ይገርማል?» አልኩ። «እኔ የማውቀው አገር ሸረሪቱ ድር ሲያደራ፣ ሰው ብስክሌቱን ድሩ ላይ ሰቅሎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ፖስተኛ ተይዞ፣ ከነቦርሳው እንደተንጠለጠለ ነው የሰፈሩን ደብዳቤ አድሎ የጨረሰው። ጡረታ የወጣውም እዚያው ነው።»

«ይኸውልሽ!» ጋሼ ሜትር ጭናቸውን መቱ። «ምስክርሽ ይሄ ነው። እኔ ስሰፋ የሚውል ሰው ነኝ፣ እሱ ሲቀድ ነው የሚውለው። እሱ እውነት ነው ካለሽ ነገርሽ ውሸት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።»

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «እባክህን ለኔ አትመስክርልኝ። ውለታ ልትውልልኝ ከፈለግህ ተቃወመኝ።»

«እሺ። ሸረሪት የምትባል ነገር የለችም» አልኩ።

እንደ ዝንብ አባረረችኝና ወደ አጎቷ ዞረች። «አሁን የምነግርዎትን ደግሞ ተቀምጠው ይስሙት፤ ያናድድዎታል። ቅጠል የምትሰፋ ወፍ አለች።»

«ምን አልሽ?»

«ቅጠል የምትሰፋ። ያልተቆረጠውን፣ ለምለሙን ቅጠል ታጥፈዋለች። ጠርዙን በምንቃሯ ትበሳለች። የሸረሪት ሐር ወይም የጥጥ ክር በቀዳዳው ታሳልፋለች። ኪስ ሲሆንላት ውስጡን በለስላሳ ነገር ሞልታ እንቁላሏን ትጥልበታለች።»

«መርፌዋስ?»

«ምንቃሯ ነዋ።»

«ጫፉንስ በምን ትቋጥረዋለች?» ይህ ጥያቄ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። አንድ ሰፊ ሌላውን ሰፊ እንደሚጠይቀው፣ አንገታቸውን አስግገው ጠየቁ።

«አትቋጥረውም። የክሩ ጫፍ ከቀዳዳው ወዲያ ብትንትን ይልና ያብጣል። ካበጠ ተመልሶ አይወጣም።»

ጋሼ ሜትር ጣታቸውን በአየር ላይ አንቀሳቀሱ፤ በሌለ ቅጠል ላይ የሌለ ክር ሲያሳልፉ አየኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱት።

«ውሸት ነው። ያለ ቋጠሮ ስፌት የለም። አርባ ዓይነት ስፌት አሳይሻለሁ፤ ያለ ቋጠሮ ግን የለም።»

«አጎቴ…»

«አሁን አንቺ አዳምጪኝ። እኛ ስናድግ ድር ያደራበት ቤት የሰነፍ ቤት ነበር። እናቴ፣ አያትሽ ማለቴ ነው፣ እንግዳ ከገባ በኋላ ድር ካየች ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ይሄን ክብር ይዤ ነው ያደግሁት። ደግሞም ትነክሳለች። ክንዱ ያበጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የአያቴን ክብር አልነካም። ቤት ውስጥ ይጥረጉ፤ እኔም አብሬ እጠርጋለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን፣ የካውያውን ቦታ፣ የጨርቁን መደርደሪያ ጠዋትም ማታም እንጥረግ። የሚያስፈራ ንክሻ ያላቸው ሸረሪቶች የሉም አልልም፤ ይኖራሉ። ከክፈፍ ሥር ድሯን ዘርግታ የተቀመጠች ሸረሪት ግን ሰው ሲቀርባት ነው የምትሸሸው። ማን አስገደዳት እርስዎን ልትነክስ? እርስዎ ዝንብ አይደሉም።»

«አፍሽ!»

«ከእርስዎ ነው የወረስኩት። ጽዳት ማለት ሕይወት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ከሆነ እኮ፣ ከዚህ ቤት መቃብር ይጸዳል። ያ መርዝ ደግሞ ሸረሪቷ ላይ አይቆምም። ወፏ የተመረዘችውን ሸረሪት ለቅማ ወደ ጫጩቶቿ ጉሮሮ ነው የምትወስደው። እርስዎ ሸረሪት የገደሉ ይመስልዎታል፤ ማጉረስዎ ነው።»

ይህን ስትል ጋሼ ሜትር ቆርቆሮውን በዓይናቸው ጥግ አዩት። አዩት እንጂ አልተሸነፉም።

«ወፍ አበባ ትምጠጥ! ማን ሸረሪት አብሊ አላት?»

«ጫጩት በአበባ ማር ብቻ አያድግም። ትንንሽ ሳሉ እየመረጡ ሸረሪት የሚያበሏቸው ወፎች አሉ፤ ሰውነቷ ለስላሳ ነው፣ እንደ ጥንዚዛ ቅርፊት የለውም። ደግሞ አጥኚዎች ሲመረምሯት ለሚያድግ ጫጩት የሚጠቅም ንጥረ ነገር በብዛት አገኙባት። ያንን ንጥረ ነገር ለጫጩቶች ጨምረው ሲሰጡ፣ ጫጩቶቹ አድገው አዲስ ነገር የሚደፍሩ፣ ቦታም ቶሎ የሚለምዱ ሆኑ።»

«የሚደፍሩ?»

«አዎ፣ የሚደፍሩ።»

«እንግዲያው አንቺ በልጅነትሽ ሳትበይ አልቀረሽም!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ያረፈደ ሳቄን ስጨርስ ግን ልጅቷ መሳቋን ትታ ነበር፤ ቀና ብላ ታዳምጣለች። ወፏ መጥታለች። ወደ ጎጆው በር ትጠጋለች፣ ትጮኻለች፣ ትሸሻለች፣ ተመልሳ ትጠጋለች። ከጎጆው በር ላይ አንዲት ጫጩት በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ ወደ ታች ተዘቅዝቃ ትወራጫለች።

«አጎቴ!» አለች ልጅቷ። ከግድግዳው የተነሳችው ያኔ ነው። መንገዱ ተከፈተ፤ መጥረጊያውም እዚያው ቆሟል።

ጋሼ ሜትር ግን መጥረጊያውን አላነሱም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ ዱካው ላይ ወጥተው፣ ከደረት ኪሳቸው ትንሿን የክር መቀስ አወጡ። እኔ ዱካውን ያዝኩ። እድሜዬን ሙሉ ቁምነገር ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ይዟት ነው?» አለች ልጅቷ ከታች።

«ክር ነው።»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«የኔ ክር ነው። የተማሪዎች ልብስ የሰፋሁበት ሰማያዊው። እግሯ ላይ ሦስቴ ዞሯል… እግሯ አብጧል ልጄ።»

ትንፋሻቸውን ይዘው የመቀሱን ጫፍ ከክሩ ሥር አስገቡ፤ ከእግሯ ቆዳ ጋር ክሩ ተጣብቋል። ቆረጡ። ጫጩቷን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ውስጥ መለሷት። ይወርዳሉ ብዬ ስጠብቅ አልወረዱም። የጎጆውን ስፌት ያዩ ጀመር።

«ምሁሯ፣ ይሄ ጎጆ ሁለት ሰው የሠራው ይመስላል። ላይኛው ግራጫ ነው፤ ታችኛው የኔ ክር ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁርም አለበት።»

«ላይኛውን እርስዎ ከመጥረግዎ በፊት ነው የሠራችው። በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት።»

ተጫኑት። ጣታቸው ሲገባ ጎጆው ተለጠጠ፤ ሲያነሱት ተመለሰ። ደግመው ተጫኑ። «ላስቲክ አለው!» አሉ። «ላስቲክ ያለው ክር ነው! ቋጠሮም አላይበትም።» ታችኛውን ተጫኑ። «ይሄ ግን አይለጠጥም። ድርቅ ብሎ አንቋቸዋል።»

«ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጎጆው አብሯቸው መስፋት አለበት። የሸረሪት ሐር ይሰፋላቸዋል። የእኛ ክር አይለጠጥም፣ አይበጠስም፣ እግር ላይ ከዞረ ደግሞ አይለቅም።»

ጋሼ ሜትር ከዱካው ወረዱ። መቀሱን ኪሳቸው ሊከቱ ሁለቴ ሳቱት።

«ክሯን ጠረግሁባት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ክሯን ስጠርግባት ከኔ ወለል ለቀመች።»

«ሌላ ምን ታድርግ? ሱቁን ዘጋንባት።»

«እኔ ልበል እንጂ አንቺ ‹ዘጋንባት› አትበይ። አንቺ አልዘጋሽም።»

ወፏ እንድትመለስ ወደ ውስጥ ገብተን በመስኮቱ ማየት ጀመርን። ጋሼ ሜትር ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ቆመው መቀመጡን ረሱት። ወፏ መጣች። ወደ ጎጆው ግን አልገባችም። ክንፏን እያርገበገበች ወደ ጥጉ ሄደች፤ ሱቅ ከፈተች ወደተባለችው፣ ከመጥረጊያ ወደተረፈችው ወደዚያች አንዲት ሸረሪት። በአየር ላይ ቆማ አንዴ ጠቅ አደረገች። ከዚያ ወደ ጎጆው ገባችና ስትወጣ ምንቃሯ ባዶ ነበር። ውስጥ ጫጩቶቹ ተንጫጩ።

«ኧረ በላቻት!» ብዬ ጮኽኩ። «ጠዋቱን ሙሉ የተከራከርሽላትን ሸረሪት በላቻት!»

«ምሁሯ፣ ወገንሽን አበላሻት እኮ» አሉ ጋሼ ሜትርም፤ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ልጅቷ አልደነገጠችም። «እኔ ሸረሪት አይበላ አላልኩም። እንዲኖራት ነው ያልኩት።»

ጋሼ ሜትር ባዶውን ጥግ አዩት። ክፈፉን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ዞሩት፤ ልቅም ብሎ የጸዳ ነው፣ ራሳቸው ናቸው ያጸዱት። አንድም ክር የለበትም። እንደዚያ በጽዳታቸው ሲሸማቀቁ ያየ ሰው ይመሰክርልኛል።

«ታዲያ ለነገ ምን ቀራት?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ከልጅቷ አፍ አልነበረም የወጣው። የወጣው ከጠራጊው ነው። ሰው በክርክር ሲረታ እንዲህ ነው፤ የተከራካሪውን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

«ካልገደልናቸው ይመጣሉ» አለች ልጅቷ። «መጥራትም አያስፈልግም። ትንንሾቹ ሸረሪቶች ክራቸውን ወደ ነፋስ ይለቁና ነፋሱ ይዟቸው ይበራል። ከጎረቤት አጥር፣ ከማዶው ዛፍ ተንሳፍፈው ይደርሳሉ።»

በክር በነፋስ የሚበር ሸረሪት! ይህን እኔ ብናገረው ኖሮ ሰፈሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ጋሼ ሜትር ግን አልሳቁም። ወጡና የመርዙን ቆርቆሮ አንስተው ወደ ሸጠላቸው ሰው ሊመልሱት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ «አልጋሽ ያለበት ነው» አሉ። ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠይቁት፤ ሌላ ዓይነት አያውቁም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥራው ተጧጧፈ። ልጅቷ ያለችውን ሁሉ አደረጉ። ወለል ላይ ይበተን የነበረው ቁርጥራጭ ክር ሁሉ ክዳን ባለው ባልዲ ገባ። ጠረጴዛው ታጠበ። መደርደሪያው እያንዳንዱ ጨርቅ ወርዶ ተራገፈ። የበረንዳው ወለል ተወለወለ። ክፈፉ ብቻ አልተነካም።

በማግስቱ የሆቴሉ ሰው መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ከረባቱ ጠባብ ነው፤ የሰው ቤት ሲገባ ቀድሞ አፍንጫውን የሚያስገባ ዓይነት። መኪኖቹን አየ፣ ስፌቱን ገልብጦ አየ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ ጠርጎ ጣቱን አየ። ምንም አላገኘም። ተደሰተ። ሲወጣ ቀና አለና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወፍ ጎጆ ነው» አሉ ጋሼ ሜትር።

«ያስ? ያ ጥግ ላይ ያለው?»

ማታውን አንዲት አዲስ ሸረሪት መጥታ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ድር ዘርግታ ኖሯል።

«እሷ ደግሞ ክር አቅራቢያችን ናት።»

ሰውየው አልሳቀም። «እኔ ንጽሕና ነው የምፈልገው፣ አባት። ያንን ያውርዱና እንፈራረም።»

«ጠረጴዛዬን አይተዋል። ስፌቴን አይተዋል። የርስዎ ልብስ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ንጹህ ነው። ይሄ ውጭ ነው፤ ውጭው የኔ ብቻ አይደለም።»

«ለወፍ ብለው ሥራ ይተዋሉ?»

«ለወፍ ብዬ አይደለም።» ጋሼ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት፤ ሳያስቡት ነው መሰለኝ። «ጌታዬ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ክር ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሌላዋን ሰፊ ክር በጥሼ የርስዎን ልብስ አልሰፋም።»

ሰውየው ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ ትመስያለሽ። ምከሪያቸው እንጂ።»

«መክሬያቸው ነው እንዲህ የሆኑት» አለች።

ወጣ። ሳይፈራረም ወጣ። ተረት የሚያሳምር ሰው እዚህ ላይ ሆቴለኛውን ከመንገድ ይመልሰዋል፤ ሰውየው ተጸጽቶ እንባ አውጥቶ ይፈርማል። እኔም ቀድሞ ቢሆን እመልሰው ነበር፤ በፈረስም አመጣው ነበር። አልተመለሰም። ትዕዛዙ ቀረ። ጋሼ ሜትር ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ ማታ ግን በሉ።

ያተረፉትን ልንገራችሁ፤ ምክር ካለ ጥቅሙ መነገር አለበት። ጫጩቶቹ በረሩ፤ ያቺ እግሯ የታሰረው ትንሽ እያነከሰችም ቢሆን በረረች። ከበረንዳው ድር ላይ የሚያዘው የሱፍ ጨርቅ ጠላት የሆነው ብል ነው፤ ውስጥ ይገባ የነበረው ቁጥሩ ቀንሷል። በደጃችን ያለው አበባ በወፎቹ ምንቃር እየተዳቀለ ፍሬ ይዘረግፋል። መርዙ የለም፤ ጋሼ ሜትር ቀድሞ ከረጩ በኋላ ይይዛቸው የነበረው ሳል ጠፋ። ወለሉ ላይ ክር ስለማይጣል ስፌት መኪናው ውስጥ ገብቶ የሚያንቀው ትርፍራፊ የለም። ልጅቷም ከጠርዝ መዘምዘም ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ከፍ ብላለች። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ መጥረጊያ ወደ ጣሪያ ከመውጣት ስለተከለከለ ነው። አዲስ ነገር ከመማር የሚያግደን አላዋቂነት ብቻ አይደለም፤ ንጹህ ነን ማለትም ያግደናል።

በቃ አይባልም፤ ጎረቤት አለ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ዳቦ ጋጋሪ አንድ ጠዋት በዱቄት እጁ ወገቡን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ምክንያት ረድፉ በሙሉ ሰው የማይኖርበት መሰለ። ያንን ድር ያውርዱት። እምቢ ካሉ እኔ መጥቼ አወርደዋለሁ።»

ጋሼ ሜትር አልተቆጡም። ልብስ ላይ የሚያሰምሩበትን ጠመኔ ይዘው ወጡና፣ በሁለቱ ሱቆች መካከል ካለው ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ክፈፍ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ።

«ከዚህ ወዲያ ያንተ ነው። ያሻህን ጥረግ፣ ያሻህን ርጭ፣ ብትፈልግ ጣሪያህን ንቀለው። ከዚህ ወዲህ ግን የኔ ነው። አንዲት ክር ብትበጥስብኝ እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

ጋጋሪው እያጉረመረመ ሄደ። እልኸኛ ነው፤ መጥረጊያውን ይዞ ከሱቁ ወጣ። ወደ ክፈፉ ሊያነሳው ሲል ቆመ። ወፏ ከሱ ወገን ካለው ጥግ ላይ በክንፏ ቆማ ድር ትመዛለች፤ አዲስ ጎጆ ጀምራለች። ክሩ እየተሳበ፣ እየረዘመ፣ ፀሐይ ሲነካው ብልጭ እያለ መጣ። ከመስመሩ በላይ አልፋ ወደ እኛ ይዛው በረረች።

ጋጋሪው ቀና ብሎ በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ መጥረጊያውን ዝቅ አድርጎ ወለሉን ብቻ ጠረገና ገባ።